«በጀት መድቤ ነው የምጫወተው»

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ስፖርት ውርርድ፣ በተለምዶ ቤቲንግ ስለሚባለው፣ እንነጋገራለን። ቁማር ሐራም መሆኑን ልንነግራችሁ አይደለም የተነሳነው። ይህን መድረሳ የሚቀራ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ በሱረቱል ማኢዳ 90ኛና 91ኛ አንቀጾች ቁማር ከአስካሪ መጠጥ ጋር በአንድ ላይ ተከልክሏል። የዛሬው ንግግራችን ይህን እያወቀ «እኔ ግን በልክ ነው» ከሚለው ወንድማችን ጋር ነው።

ይህ ወንድማችን ግዴለሽ ሰው አይደለም። ደመወዙ ሲገባ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ለአስቤዛ ይሰጣል፣ አገር ቤት ላሉት እናቱ ይልካል። ከዚያ ለቤቲንግ የታወቀች ብር ይመድባል። «ከሷ አላልፍም፤ ሌላው በጫት የሚጨርሰውን እኔ በኳስ እዝናናበታለሁ» ይላል። ስለ ውርርድ የሚመክሩ ሰዎችም ይህንኑ ይነግሩታል፦ ከያዝከው ላይ በአንድ ጊዜ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጁን ብቻ አስይዝ፣ ሒሳብህን በደብተር ጻፍ፣ የተበላኸውን ለማስመለስ አትሩጥ። ምክሩ የአዋቂ ምክር ይመስላል። እኛም ሒሳቡን ቁጭ ብለን ሠራነው፤ እስቲ አብረን እንየው።

አንድ ጨዋታ ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ ጎል ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ውርርድ ቀርቧል እንበል። የሁለቱም ዕድል እኩል ነው፤ ለሁለቱም የተሰጠው ማባዣ ወይም ኦድ 1.90 ነው። አንዱ ወንድም 100 ብር «ይገባል» በሚለው ላይ፣ ሌላው ወንድም 100 ብር «አይገባም» በሚለው ላይ አስያዙ። አቋማሪው 200 ብር ሰብስቦ ላሸነፈው 190 ብር ይከፍላል። ጎሉ ገባም አልገባም 10 ብሯ እሱ ዘንድ ቀርታለች። እሱ ከሁለቱ ወንድሞች ጋር አልተወራረደም፤ ሁለቱን አወራርዶ ከመሐል ቆርጦ ወሰደ። በአማካይ ከተወራረደ 100 ብር ውስጥ 5 ብር ሄደ ማለት ነው።

«5 ብር ምን አላት?» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ወጣቱ አንድ ጨዋታ ብቻ አይቆርጥም፤ አሥር ጨዋታ ደርድሮ በአንድ ትኬት ይቆርጣል። ባለ አሥሩን ትኬት በዚሁ ሒሳብ እንየው። ማባዣዎቹ እርስ በርስ ሲባዙ 613 ይሆናሉ፤ በ10 ብር 6,130 ብር ይገኛል። ዓይን የሚስበው ይህ ቁጥር ነው። አሥሩም የመሳካታቸው ዕድል ግን ከ1,024 አንድ ነው፤ ለዚህ ዕድል ትክክለኛው ክፍያ 10,240 ብር ነበር። በአንዱ ጨዋታ 5 በመቶ የነበረው ቆረጣ በአሥር ጨዋታ ትኬት 40 በመቶ ደረሰ። ዘጠኙ ገብተው አሥረኛው በጭማሪ ሰዓት ሲበላሽ ወጣቱ ራሱን ይዞ «አንድ ጨዋታ ብቻ!» ይላል፤ ለቀጣዩ ሳምንትም ይህቺው «አንድ ጨዋታ ብቻ» ተስፋ ትሆነዋለች። ሲያሸንፍ ደግሞ መንግሥት አለ። በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከ1,000 ብር በታች ያልሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ሲደነግግ፣ ሰውዬው ከዚያ በፊት የተበላው እንዳይቀነስለት ነበር የወሰነው።

እንግዲህ ወንድማችን በሳምንት ሦስት ጊዜ 100 ብር ቢመድብ በዓመት 15,600 ብር ነው። ትኬቱ ባለ አሥር ጨዋታ ከሆነ፣ በዚህ ስሌት ከዚያ ውስጥ በአማካይ 6,240 ብሩ አይመለስም። የቀረውም ቢሆን ተከፋፍሎ ለሁሉ የሚደርስ አይደለም፤ ለጥቂቶች በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ብዙዎቹ ምንም ሳያዩ ዓመቱ ያልፋል። በጀቱ ያደረገለት ነገር ቢኖር የሚከስርበትን ፍጥነት ማዘግየት ነው። መንገዱ ግን ያው ነው።

በጀቱ የሚፈርስበትም ቀን አለ። ሲበላ እጥፍ እያደረገ የሚያስይዝ ሰው «አንዴ ካሸነፍኩ ሁሉንም አስመልሳለሁ» ይላል። በ50 ብር ጀምሮ ስድስት ጊዜ ተከታትሎ ቢበላ 3,150 ብር ወጥቷል። ሰባተኛው ላይ 3,200 ብር አስይዞ በ1.90 ቢያሸንፍ 6,080 ብር ይቀበላል፤ ያወጣው ግን በጠቅላላ 6,350 ብር ነው። አሸንፎም 270 ብር ከስሯል! ያ 3,200 ብር ደግሞ ከየት መጣ? ከኪራዩ ነው፣ ከእቁቡ ነው፣ ወይም «ነገ እመልሳለሁ» ተብሎ ከተያዘ የሰው አማና ነው። ቀድሞ ቢያንስ ትኬት መቁረጫ ቤት ድረስ በእግር ይኬድ ነበር፤ መንገድ ላይ ሰው ይገናኛል፣ አዛን ይሰማል፣ ሐሳብ ይቀየራል። ገንዘብ በስልክ መላክ ከተለመደ ወዲህ፣ ቴሌብር ከጀመረበት ከ2013 ዓ.ም በኋላ በተለይ፣ በደመወዝና በውርርድ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ጣት ሆኗል። ጨዋታውም አያልቅም። የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ብቻውን በአንድ የውድድር ዘመን 380 ግጥሚያ አለው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 219ኛ አንቀጽ ስለ አስካሪ መጠጥና ስለ ቁማር ሲናገር ለሰዎች ጥቅም የለባቸውም አላለም። ጥቅም እንዳለባቸው ገልጾ ወንጀላቸው ከጥቅማቸው የሚበልጥ መሆኑን ነው የነገረን። ስለዚህ «እገሌ በቤቲንግ ሞተር ገዛ» ሲባል እኛም ውሸት ነው አንልም። ነገር ግን የእገሌ ሞተር ከማን ኪስ እንደተገዛ እንጠይቃለን። ከዚያው ሰፈር ከተሰበሰበ የ10 እና የ20 ብር ትኬት ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው በቂያማ ቀን ስለ ገንዘቡ በሁለት በኩል እንደሚጠየቅ ነግረውናል፦ ከየት እንዳገኘውና በምን ላይ እንዳዋለው። የሚስትና የልጆች ነፈቃ በባል ላይ ያለ ሐቅ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ኪስ ውስጥ ያለው ገንዘብ ላይ አበዳሪው ሐቅ አለው። «የራሴን ብር ነው የምጫወተው» የሚለው ወንድማችን ሐቆቹን ሁሉ ቢቆጥር «የራሴ» የሚላት ብር እጅግ ታንሳለች። ባሏ ስንት እንደሚያገኝ የማታውቅ፣ ስንት እንደሚበላ ግን ከፊቱ የምታነብ እህት በየሰፈራችን አለች።

አንዳንዶች ማስረጃ አለን ይላሉ። አቡበክር (ረ.ዐ) ሩሞች ድል እንደሚያደርጉ ከቁረይሽ ሙሽሪኮች ጋር ተወራርደው የለም ወይ? አዎ፣ ቲርሚዚ የዘገቡት ነው። ውርርድ ከመከልከሉ በፊት እንደነበር ግን እዚያው ዘገባ ላይ ተጠቅሷል። ከክልከላው በኋላም ይፈቀዳል ያሉ ጥቂት ኡለማዎች ቢኖሩ ዲንን ለመርዳት በሚደረግ ነገር ላይ ወስነውት ነው፤ አርሰናልና ቼልሲ እዚያ ውስጥ አይገቡም። በግመል፣ በፈረስና በቀስት ውድድር ሽልማት የፈቀደው ሐዲስም የሚናገረው ስለ ተወዳዳሪው ነው፣ ዳር ቆሞ ስለሚያስይዘው ተመልካች አይደለም። ኳስ ማየትና መጫወት ሌላ ርዕስ ነው፤ ዛሬ አንነካውም።

መተው የሚፈልግ ግን እንዴት ይተው? ብዙዎች በረመዳን ትኬት አይቆርጡም፤ ዒድ አልፎ ሊጉ ሲሞቅ ይመለሳሉ። ሠላሳ ቀን የቻለ ሰው አቅም የለኝም ሊል አይችልም። የሚጎድለው የገንዘቡ መንገድ አለመቀየሩ ነው። ስለዚህ ደመወዝ በገባበት ቀን ኪራዩንና ነፈቃውን ከፍሎ የተረፈውን ስልኩ ላይ አያስቀምጥ። ለሚስቱ ወይም ለእናቱ ያስረክብ፣ እቁብ ይግባ፣ ወይም ከወለድ ነፃ በሆነ ሒሳብ ያስቀምጥ። መተግበሪያውን ያጥፋ፤ የትኬት ግምት ከሚለዋወጡበት ቡድንም ይውጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረባውን «ና እንቋመር» ያለ ሰው ስለ ቃሉ ብቻ ሰደቃ እንዲሰጥ አዘዋል፤ ጥሪው ራሱ ይህን ያህል ከከበደ በየቀኑ የሚጠራ ጓደኛ ጋር አብሮ መዋል ቀላል ነገር አይደለም። ለትኬት መቁረጫ ቤቱን የሚያከራዩ አባቶቻችንም በሱረቱል ማኢዳ 2ኛ አንቀጽ በወንጀል ላይ መተባበር መከልከሉን ያስታውሱ።

ለመወራረድ የተበደረው ገንዘብ የሰው ሐቅ ነውና ይመለሳል። አበዳሪውን ከመሸሽ ቀርቦ በየወሩ ይህን ያህል እከፍላለሁ ብሎ መስማማት ይሻላል። በውርርድ አግኝቶት እጁ ላይ የቀረ ገንዘብ ካለ ለባለቤቶቹ መመለስ ካልተቻለ፣ ምንዳ ሳያስብ ለድሆች ወይም ለሕዝብ ጥቅም እንዲያወጣው ብዙ ኡለማዎች ይመክራሉ፤ የራሱን ሁኔታ ለሚያምነው ዓሊም ቢያስረዳ ይበልጥ ይጠቅመዋል። የተበላውን ግን ይተወው። «የጠፋችውን ብቻ ላስመልስና አቆማለሁ» የምትለው ሐሳብ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ትመጣለች፤ ያን ሰዓት ስልኩን ቤት ትቶ ለዐስር ሰላት መስጂድ ይሂድ፣ መግሪብንም እዚያው ይጠብቅ።