ወደ ኋላ የሚጠይቅ የቤት ሥራ፦ አማካይና እኩልታ በመካከለኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት



 የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሚያንስ መስሎ ሊታይ ይችላል። የምንመረምረው የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪ በደብተሩ ይዞ ወደ ቤት የሚሄደውን፣ አማካይንና ቀላል እኩልታን የሚመለከተውን የሒሳብ የቤት ሥራ ነው። ላሳያችሁ የምሻው አንድ ነገር ነው። የተለመደው መልመጃ «ደምረህ አካፍል» በሚል ትእዛዝ ስለሚያልቅ፣ ተማሪው አማካይ ምን እንደሆነ ሳይረዳ ትክክለኛ መልስ ሊያገኝ ይችላል። ጥያቄውን ወደ ኋላ ስናዞረው ግን የተሸፈነው ክፍተት ይገለጣል፤ አልጀብራም የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው።

አማካይ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። በካርዱ ላይ ድምር፣ አማካይና ደረጃ ተጽፈው ያገኛቸዋል። ወላጅ ካርዱን ሲቀበል ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በእነዚሁ ላይ ነው። ሆኖም ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰላ ማወቅና ቁጥሩ ምን እንደሚል ማንበብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ተማሪ እያንዳንዳቸው ከ100 በሚታረሙ 4 ፈተናዎች 72፣ 85፣ 64 እና 79 አግኝታለች እንበል። አማካይዋ ስንት ነው ብንል፣ ድምሩ 300፣ ለ4 ሲካፈል 75 ይሆናል። ይህን ብዙዎች ይሠሩታል። አሁን ጥያቄውን እናዙረው፦ የ5 ፈተናዎች አማካይዋ 78 እንዲሆን በ5ኛው ፈተና ስንት ማግኘት አለባት?

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ስሕተት ይከሠታል። ተማሪው 75ን ከአዲሱ ውጤት ጋር ደምሮ ለ2 ያካፍልና «81» ብሎ ይመልሳል። ስሌቱ በራሱ እንከን የለበትም፤ የተሳሳተው 75 የ4 ፈተናዎችን ክብደት ተሸክሞ መምጣቱን መዘንጋቱ ነው። ትክክለኛው መንገድ የሚነሣው ከድምሩ ነው። የ5 ፈተናዎች አማካይ 78 እንዲሆን ድምሩ 390 መሆን አለበት። በእጇ ያለው 300 ነው። ያልታወቀውን ውጤት «ሀ» ብንለው፣ 300 + ሀ = 390 ይሆናል፤ ስለዚህ ሀ = 90።

ሌላም መንገድ አለ። 72 ከ78 በ6 ያንሳል፤ 64 በ14 ያንሳል፤ ጉድለቱ በጠቅላላው 20 ነው። 85 በ7፣ 79 ደግሞ በ1 ይበልጣሉ፤ ትርፉ 8 ነው። ትርፉ ከጉድለቱ ላይ ሲቀነስ 12 ይጎድላል፤ 5ኛው ፈተና ይህን ሊያካክስ ስለሚገባው 78 + 12 = 90 ይሆናል። አማካይ ማለት ትርፍና ጉድለት የሚካካሱበት ነጥብ መሆኑን ይህ ስሌት ያለ ትርጓሜ ያሳያል።

ተማሪዋ 82 አማካይ ብትመኝስ? 410 − 300 = 110 ይሆናል። ፈተናው ግን ከ100 ነው። 100 ብታገኝ እንኳ አማካይዋ ከ80 አያልፍም። እኩልታው የሚቻለውን ከማይቻለው ለይቶ ነገራት፤ ይህም ጥረቷን በልኩ እንድታቅድ የሚረዳት እውቀት ነው።

ተማሪዎች ይህን ወደ ኋላ የመጓዝ ሥራ ለምን ይቸገሩበታል? አንዱ ምክንያት የእኩል ምልክት ነው። ሕፃናት ለዓመታት 8 + 4 = የሚል እያዩ ቀጥሎ መልስ ሲጽፉ ኖረዋል። ምልክቱ ለእነርሱ «መልሱን አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ ሆኗል። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች 8 + 4 = □ + 5 ተብለው ሲጠየቁ፣ ብዙ ሕፃናት በሳጥኑ ውስጥ 12 ወይም 17 እንደሚጽፉ አሳይተዋል። መልሱ 7 ነው፤ ምክንያቱም ምልክቱ የሚናገረው የሁለቱን ወገኖች መመዛዘን ነው። «ቁጥሩ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚለው የቃል ደንብም ይህን ሚዛን ይሸፍነዋል። በእውነቱ ምንም የሚሻገር ቁጥር የለም፤ ከሁለቱም ወገን 300 ተቀነሰ እንጂ።

የአልጀብራ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው አል ኽዋሪዝሚ ለመጽሐፉ ርእስ ያደረጋቸው ሁለት ቃላት «አል ጀብር» እና «አል ሙቃበላ» ነበሩ። የመጀመሪያው የተጎደለውን መመለስ ሲሆን፣ በዐረብኛ የተሰበረ አጥንትን መጠገንም ማለት ነው፤ የእኛ ወጌሻ የሚሠራውን ሥራ ማለት ነው። ሁለተኛው ፊት ለፊት አቁሞ ማመዛዘን ነው። አል ኽዋሪዝሚ ምልክቶችን አልተጠቀመም፤ ያልታወቀውን «ነገር» ብሎ ሁሉንም በቃላት ጻፈ። የእኩል ምልክትን ሮበርት ሬኮርድ ያስተዋወቀው በ1557 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠውም ከእነርሱ የበለጠ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ ነው። በታሪክ ሐሳቡ ከምልክቱ ቀድሟል። በክፍላችን ግን ብዙ ጊዜ ምልክቱ ይቀድማል።

ችግሩ በ8ኛ ክፍል አያበቃም። በዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር በ15 ክሬዲት 3.00፣ በሁለተኛው በ20 ክሬዲት 3.70 ቢያገኝ፣ ጠቅላላ አማካዩን 3.35 የሚል አይጠፋም። ትክክለኛው ግን (45 + 74) ÷ 35 = 3.40 ነው። በ81 የመለሰው ታዳጊ ስሕተት ከእኛው ጋር አድጎ መጥቷል።

ለነገ መምህራን ሦስት ሐሳቦችን ላቅርብ። አንደኛ፣ ብዙ ደብተር የሚያርም መምህር አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ «ደምረህ አካፍል» ከሚሉ 10 ጥያቄዎች ይልቅ ወደ ኋላ የሚጠይቅ 1 ጥያቄ ስለ ተማሪው አስተሳሰብ የበለጠ ይነግረዋል። ሁለተኛ፣ ተማሪው ፊደል ከመጠቀሙ በፊት ችግሩን በራሱ ቋንቋ በዓረፍተ ነገር ይጻፍ። በአገራችን የሒሳብ ማስተማሪያ ቋንቋ እንደየክልሉ በተለያየ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ይለወጣል። ደንብ ብቻ የሸመደደ ከቃላቱ ጋር ደንቡም ሊጠፋበት ይችላል፤ ሚዛኑን የተረዳ ግን ሐሳቡን ይዞ ይሻገራል። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «ይህ ሊሆን ይችላልን?» የሚለው ጥያቄ ይከተል። 110 ብሎ ጽፎ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ የሚያልፍ ተማሪ ስሌቱን ቢያውቅም ሒሳቡን ገና አልጀመረም።

የቤት ሥራ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን አንድ ታዳጊ ስለ ራሱ የተጻፈ ቁጥር ምን እንደሚል ማንበብ የሚማረው በዚያ ነው። ካርዱን ተቀብሎ ዝም ከሚል ተማሪ ይልቅ «ለሚቀጥለው ስንት ያስፈልገኛል?» ብሎ የሚያሰላ ተማሪ እንድናፈራ እመኛለሁ።