ለቀብር እንደምንደርስ ለእርጅናም እንድረስ

(በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት እናት ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ካዛንቺስ ነበር። መርሳት ከጀመራቸው በኋላ ነጠላቸውን ለብሰው ሲወጡ ባለ ጉልቶቹ ያውቋቸዋል፤ ባለ ሱቁም እጃቸውን ይዞ ከቤታቸው ያደርሳቸው ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ስፍራዎች ተዛወረ። እኚህም እናት ከልጃቸው ጋር ወደ አዲስ ቤት ገቡ። በዚያ ግን ቢወጡ የሚመልሳቸው ጎረቤት አልነበረም። ስለዚህ ልጃቸው ገበያ ስትሄድ በሩን ትቆልፍባቸው ጀመር። ይህን ያደረገችው ጨክና ሳይሆን ብቻዋን ስለ ነበረች ነው።

እኔም ልጠይቃቸው ሄጄ ተሳሳትሁ። «ቤቴ ልሂድ» ሲሉኝ፣ «እማማ፣ ካዛንቺስ እኮ ፈርሷል» አልኋቸው። አለቀሱ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ጠየቁኝ፤ ያንኑ መለስሁላቸው፤ እንደ አዲስ መርዶ አለቀሱ። ልጃቸው ግን፣ «እማዬ፣ ደጃፍሽ ላይ ምን ተክለሽ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። ስለ ጌሾአቸው ሲያወሩ ቡናው ፈላ፤ አቦሉን ጠጥተው ቶናው ሳይደርስ መዝሙር ጀመሩ። ስሜን አያውቁትም፤ ከመዝሙሩ ግን አንድ ቃል አልሳቱም።

እኛ «ጃጅተዋል» ብለን እንተዋቸዋለን። ይህ ግን የአንጎል ሕመም እንጂ እርግማን አይደለም፤ ያረጀ ሁሉም አይታመመውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው፤ ከመቶ 60 የሚበልጡትም በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በብዛት የሚታየው ዓይነት አልዛይመር ይባላል፤ ፈጽሞ የሚያድነው መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ሆኖም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ሕመምና የመንፈስ ጭንቀት ተመሳሳይ መርሳት ያመጣሉ፤ እነዚህም ይታከማሉ። ስለሆነም እየጸለያችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

መልካም እንክብካቤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። «እኔ ማን ነኝ?» እያላችሁ አትፈትኗቸው፤ ስማችሁን ቀድማችሁ ንገሯቸው። አትከራከሯቸው። ምግብና መኝታቸው በሰዓቱ ይሁን። የለመዱትን ሥራ አትንጠቋቸው፤ ምስር መልቀም የሚችል እጅ ይልቀም። የልጃቸውን ስልክ ቁጥር በኪሳቸው አኑሩ።

ወገኖቼ፣ ሰው ሲሞት እድራችን ሳይጠራ ይደርሳል፤ ድንኳን ይተክላል፣ ሦስት ቀን ያስተዛዝናል። በሕይወት ሳሉ ግን ለሁለት ሰዓት የሚቀመጥላቸው አጥተን በር ይቆለፍባቸዋል። ዛሬ ከማኅበራችን ሁለት እኅቶች ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከእኚህ እናት ጋር ቡና ይጠጣሉ። ልጃቸው ገበያ ትወጣለች፤ አንዳንድ ቀንም ትተኛለች። በሩ አይቆለፍም። ሕመማቸው አልዳነም፤ ፊታቸው ግን ተፈትቷል።

እግዚአብሔር ሕዝቡን እስከ ሽበት እንደሚሸከም በኢሳይያስ 46 ተስፋ ሰጥቷል። እርሳቸው ስሙን ቢረሱ እርሱ ስማቸውን አይረሳም። እኛም አንርሳ። እስከ እሑድ ድረስ እያንዳንዱ የጸሎት ቡድን ከሰፈሩ የተዛወሩትን አረጋውያን ስምና አሁን የሚኖሩበትን ስፍራ ጽፎ ያምጣ። ከዚያ ተራ እናወጣለን።

ጌታ ይባርካችሁ።