ስም ያለው ሸክላና ስም የሌለው ሸክላ



አንድ ዘመናዊ ሠዓሊ በተወሰነ ቁጥር ያወጣቸውን የሸክላ ሥራዎች መሰብሰብ በሌላው ዓለም የታወቀ ሙያ ከሆነ ቆይቷል። በአገራችን ግን ሸክላ የሚገዛው ለቡናና ለወጥ እንጂ ለመደርደሪያ አይደለም የሚለው አስተሳሰብ ገና አልጠፋም። የዚህ ንግግር ዓላማ፣ የሰብሳቢነት መሠረቱ የዕቃው ቁጥር ማነስ ሳይሆን የተጻፈ ማስረጃ መሆኑን በሩቅ ምሳሌ ማስረዳት፣ ከዚያም ነገሩ ለላስታ ሸክላ ያለውን ትርጉም ማመልከት ነው።

ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ የፓብሎ ፒካሶ ነው። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1946 በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኘው የሸክላ ሠሪዎች ከተማ በቫሎሪስ የሱዛንና የዦርዥ ራሚዬን ሸክላ ቤት ማዱራን ጎበኘ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ተመልሶ ተግቶ ይሠራ ጀመር። እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1971 ድረስ ከዚያ ቤት 633 ዓይነት ሥራዎች በተወሰነ ቁጥር ተባዝተው ወጥተዋል፤ የአንዳንዱ ብዛት 25 ሲሆን የሌላው እስከ 500 ይደርስ ነበር። የማባዣው ዘዴ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ሠዓሊው በእጁ የሠራውን ዋና ሥራ የቤቱ ባለሙያዎች በቅርጽም በቀለምም አስመስለው መሥራታቸው ነው። ሁለተኛው፣ ሠዓሊው የቀረጸውን የጀሶ ቅርጽ በእርጥብ ጭቃ ላይ አትሞ ማውጣት ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ ሸክላዎች ብዙዎቹን ያወጣቸው የፒካሶ እጅ ሳይሆን የሌሎች ባለሙያዎች እጅ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ሰብሳቢው የሚተማመነው በዕቃው ሥር በተመታው ማኅተም፣ በተጻፈው ቁጥርና አለን ራሚዬ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ዝርዝር መጽሐፍ ነው። እውነተኛው ከአስመሳዩ የሚለየው ሥራው መቼና በስንት ቁጥር እንደ ወጣ በጽሑፍ ስለሚታወቅ ነው።

በእኛም አገር ስሙን ይዞ የቆመ የሸክላ ጥበብ የለም ማለት አይደለም። ማሞ ተሰማ በአሜሪካ በአልፍሬድ ዩኒቨርሲቲ የሸክላ ጥበብ ተምረው የተመለሱ ሠዓሊ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ የብሔራዊ ሙዚየም ኃላፊ ሆነውም አገልግለዋል። ሥራቸው በስማቸው ይታወቃል። ከዚሁ ጎን ለጎን ግን የጎንደሯ ወለቃ አለች። በዚያ የቤተ እስራኤል ሴቶች ለጎብኚዎች የአንበሳ፣ የሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ትንንሽ ምስሎችን ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 በነበሩት ዓመታት አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ማንም ሳያስበው የእነዚያ ሴቶች የወለቃ ሥራ ቁጥር በዚያ ተወሰነ። ከእነርሱ በኋላ በስፍራው ተመሳሳይ ምስል የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። የቀድሞው ከኋለኛው፣ የአንዷ እጅ ከሌላዋ እጅ እንዲለይ ሲፈለግ ግን በአብዛኛው ዕቃ ላይ ስምም ዓመትም አይገኝም። ሥራዎቹ በሰው እጅና በሙዚየም አሉ፤ የሠሪዎቹ ስም ግን የለም።

ይህ ዕጣ ለላስታም የራቀ አይደለም። በኩልመስክ ገበያ ጀበና ወይም ድስት የሚገዛ ሰው ያለ መዘውር፣ በእጅ ብቻ የተገነባ ሥራ ይገዛል። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን መርጣ፣ የተፈጨ ገል ቀላቅላ፣ ቅርጹን አውጥታ፣ በድንጋይ አለስልሳ፣ አድርቃ በእንጨትና በኩበት ታቃጥለዋለች። ከአንድ እጅ የወጡ ሁለት ጀበናዎች እንኳ ፈጽሞ አንድ አይሆኑም። በዚህ በኩል ከቫሎሪሱ ቅጂ ይልቅ የላስታው ሸክላ ብቸኛ ሥራ ነው። የሚጎድለው ማስረጃው ነው። በየቤቱ እንስራ በፕላስቲክ ጀሪካን፣ የሸክላ ድስት በብረት ድስት እየተተካ ሲሄድ ደግሞ ሙያውን ከእናቷ የምትማር ልጅ ታንሳለች።

ስለዚህ ሰብሳቢው ዕቃውን ሲገዛ የሠሪዋን ስም፣ ቀበሌዋን፣ አፈሩ የተቆፈረበትን ቦታ፣ ዓመቱንና የከፈለውን ዋጋ በደብተር ይጻፍ። በዕቃው ሥር ቁጥር ያኑር፤ ያንኑ ቁጥር በደብተሩ ይድገመው። ያልተሟሸውን አያሟሽ፤ ጥላሸት ያለበትንም አይጠብ፤ ጥላሸቱ ዕቃው የሠራበትን ዘመን ይናገራልና። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ፈቃድ ይጠይቅ። ሸክላ ሠሪ በቡዳነት ስትታማና ስትናቅ በኖረችበት አገር፣ ስሟን ከሥራዋ ጋር አያይዞ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንዷ በኩራት ትናገራለች፤ አንዳንዷ ስሟ እንዳይነሣ ትፈልጋለች። እምቢ ያለችውን መብቷን መጠበቅ፣ ፈቃድ የሰጠችውን ደግሞ ለሥራዋ ተገቢውን ዋጋ መክፈል የሰብሳቢው ግዴታ ነው።

ማኅበሩ ከዚህ ሥራ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። አባላት በየሚሠሩበት ወረዳ የሚይዙት ደብተር በአንድ ቦታ ቢሰበሰብ፣ የላስታ ሸክላ ሠሪዎች ዝርዝር ይሆናል። የማዱራው መጽሐፍ የታተመው ፒካሶ ከሞተ ከ15 ዓመት በኋላ ነው፤ ሊታተም የቻለውም ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ ቁጥሩና ማኅተሙ ተይዞ ስለ ቆየ ነው። የኩልመስክ ሸክላ ሠሪዎች ዛሬ በገበያው ሳሉ ያልተጻፈውን ስማቸውን በኋላ ከገሉ ላይ አንብቦ ማግኘት አይቻልም።