ለእጅ የሚስማማውን መሣሪያ ስለ መምረጥ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የቀረበ ንግግር





በቀድሞው ዘመን ተማሪዎች በትምህርት ቤት በዓል ላይ «ከብዕርና ከሰይፍ የትኛው ይበልጣል?» እያሉ ይከራከሩ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። እኛ ዛሬ ይዘነው የቀረብነው ክርክር ከዚያ ያነሰ ይመስል ይሆናል። ይኸውም በላፕቶፕ ኮምፒዩተር ስንሠራ ፊደሉን የምንመታበትና ቀስቱን የምንመራበት መሣሪያ የትኛው ይሻላል የሚል ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ማውስ ካልተሰካላቸው ሥራ የተጀመረ አይመስላቸውም። ሌሎቹ ከፊደሎቹ በታች ባለው ታችፓድ ላይ ጣታቸውን ማንሸራተት ይመርጣሉ። የቀሩት ደግሞ በስልክ እንደ ለመዱት መስተዋቱን ራሱን መንካት ይወዳሉ። ነገሩ የጨዋታ ክርክር ቢመስልም፥ ወደ ኋላ እንደምናስረዳው፥ የብዙ ተማሪ ውጤት የተንጠለጠለበት ነገር ነው።

መሣሪያን በእጅ ልክ መምረጥ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የጎጃም ገበሬ እርፉን ሲያዘጋጅ ለራሱ ቁመትና ለራሱ እጅ እንዲስማማ አድርጎ ይጠርበዋል እንጂ የጎረቤቱን እርፍ ይምሰልልኝ ብሎ አይጨነቅም። ቁም ጸሐፊውም መቃውን ራሱ ይቀርጸዋል፤ ለደቂቅ ጽሕፈት ቀጭን፥ ለጉልሕ ጽሕፈት ወፈር ያለ አድርጎ ያዘጋጀዋል። ሁለቱም መሣሪያቸውን የሚመርጡት ሥራውንና እጃቸውን ተመልክተው ነው። እኛም የኮምፒዩተሩን ነገር በዚሁ ዓይን ልንመለከተው ይገባናል።

ማውስ የሚባለው መሣሪያ የተፈለሰፈው በአሜሪካ አገር ነው። ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለው ሊቅ ከባልደረባው ከቢል ኢንግሊሽ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያውን ሠራ። አካሉ ከእንጨት የተጠረበ ሲሆን ከበታቹ 2 መንኰራኵሮች ነበሩት። ስሙ በአማርኛ አይጥ ማለት ነው፤ ገመዱም እንደ ጅራት ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በብዙ ሊቃውንት ፊት በይፋ ታየ። በዚያን ጊዜ ግን ኮምፒዩተር በጉልበት ላይ የሚቀመጥ ዕቃ አልነበረምና ማውሱን የሚያስቀምጡበት ጠረጴዛ አይጠፋም ነበር።

ኮምፒዩተሩ እያነሰ ሄዶ ሰው በአውቶቡስና በአውሮፕላን ይዞት መጓዝ ሲጀምር ጠረጴዛ ታጣ። ስለዚህ ሠሪዎቹ ቀስቱን የሚመሩበት ሌላ ዘዴ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣቸው ፓወርቡክ በተባሉት ላፕቶፖች ላይ በአውራ ጣት የምትሽከረከር ትንሽ ኳስ ከፊደሎቹ ፊት አኖረ። አይ.ቢ.ኤም. ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ቲንክፓድ በተባለው ላፕቶፕ ላይ በፊደሎቹ መካከል ቀይ ጉብታ ተከለ፤ ይህም የቴድ ሴልከር የምርምር ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አፕል ኳሷን ትቶ ታችፓድን በላፕቶፑ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ይህ መሣሪያ በላፕቶፕ ሁሉ ላይ የተለመደ ሆነ።

እንግዲህ የእያንዳንዱን ጠባይ እንመልከት። ማውስ ሥዕል ለመሣልና በሠንጠረዥ ላይ ጥቃቅን ሣጥኖችን ለመምረጥ እጅግ ይረዳል፤ ነገር ግን ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ ቀኝ እጅም ከፊደሎቹ እየተነሣ እንዲመላለስ ያስገድዳል። ታችፓድ ምንም ተጨማሪ ዕቃ ሳይሻ በጉልበት ላይም ይሠራል። የሚሠራውም ጣት ሲቀርበው በገጹ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መጠን ስለሚለወጥ ነው። ስለዚህ በእስክርቢቶ ጫፍ ቢነኩት አይሰማም፤ እጁን ታጥቦ ሳያደርቅ የተቀመጠ ተማሪም ቀስቱ እንደ ፌንጣ ሲዘልበት ያያል። ይህን ምክንያት የማያውቅ ሰው «ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል» ይላል፤ የሚያውቅ ግን ጣቱን ያደርቃል።

ቀይዋ ጉብታ ብዙ ለሚጽፍ ሰው ትመቻለች፤ እጅ ከፊደሎቹ ሳይነሣ ጠቋሚ ጣት ብቻ ገፋ ያደርጋታልና። ለጀማሪ ግን ቀስቱ ከሚፈልገው ቦታ አልፎ ስለሚሄድበት ጥቂት ቀን ትዕግሥት ትጠይቃለች። መስተዋቱን መንካት ለሕፃንም ለሽማግሌም ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ ክንድን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ መሥራት ትከሻን ያደክማል፤ ጣትም ሊነካው የሚፈልገውን ትንሽ ነገር ራሱ ይሸፍነዋል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ግራኝ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ቃል መናገር እንወዳለን። ቀድሞ በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ በቀኝህ ጻፍ እየተባለ ይቀጣ ነበር። ኮምፒዩተር ግን ይህን ቅጣት አይፈልግም። ማውሱን ወደ ግራ አዙሮ በማስተካከያው ውስጥ የቀኙንና የግራውን ቁልፍ ሥራ ማለዋወጥ የጥቂት ሰኮንዶች ነገር ነው። ስለዚህ በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ማንም ተማሪ በእጁ ምክንያት ሊያፍር አይገባውም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበን፥ ማለት ፊደልን ወደ መምታት እንሻገራለን። የአማርኛ ፊደላችን 33 ሆኖ እያንዳንዱ በ7 መደብ ስለሚነበብ፥ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ 231 ይሆናል። የእንግሊዝኛው ግን 26 ብቻ ነው፤ ኪቦርዱም የተዘጋጀው ለእርሱ ነው። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ኢንጂነር አያና ብሩ ብዙ ደክመዋል፤ በመኪናውም ላይ ይህ ሁሉ ፊደል ስለማይበቃ የፊደሉ አካልና ምልክቱ እየተለያዩ ተመትተው እንዲገጣጠሙ ማድረግ አስፈልጎ ነበር። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ የሚኖሩ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና እንደ አቶ ፍስሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን በኮምፒዩተር ለማስጻፍ ሠሩ። ነገር ግን በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ ቁጥር ስለ ነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ በ3ኛው እትሙ ፊደላችንን በመቀበሉ ይህ ችግር የሚወገድበት መንገድ ተከፈተ።

ታዲያ የቀረው ጥያቄ በየትኛው መንገድ እንምታው የሚለው ነው። አንደኛው መንገድ በድምፅ ነው፤ «ሱ» ለማለት የ«ኤስ»ንና የ«ዩ»ን ቁልፎች አከታትሎ መምታት ማለት ነው። ይህ እንግሊዝኛን ለሚያውቅ ተማሪ ፈጣን ነው። ሁለተኛው መንገድ በስልክ ላይ እንደምናየው የአማርኛው ፊደል ራሱ ተደርድሮ፥ አንዱን ሲነኩት 7ቱን ቤቶች የሚዘረጋ ነው። ይህ ደግሞ ሀ ሁን እንጂ የእንግሊዝኛን ፊደል ላልቈጠረ ሰው፥ ለምሳሌ ለብዙዎቹ ወላጆቻችን፥ የተሻለ ነው። በመካከላችን ይህ ክርክር አልተፈታም፤ መፈታትም የለበትም፤ ሁለቱም ለየሰዉ የሚጠቅሙ ናቸውና።

ነገር ግን ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱን አጥብቀን እንቃወማለን። ይኸውም የአማርኛውን ፊደል መምታት ይከብዳል በማለት አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ነው። ብዙ ወጣት በስልክ እንዲህ ይጻጻፋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ጠ ከተ፥ ጸም ከሰ ብዙ ጊዜ ሳይለይ ይቀራል። በራሳችን ፊደልም ቢሆን ሞክሼዎቹ ተጨማሪ ምት ስለሚጠይቁ ይዘለላሉ። በጥንቃቄ የሚጽፍ ሰው «ድኅነት» ሲል መዳን፥ «ድህነት» ሲል ማጣት ማለቱ ነው። አንዲት ምት በመቈጠብ መዳንና ማጣት አንድ እንዲሆኑ መፍቀድ የሚገባ አይመስለንም። የሚመቸውን መሣሪያ መምረጥ የእያንዳንዱ ሰው መብት ነው፤ ፊደሉ ግን የጋራ ሀብታችን ስለ ሆነ ለአንድ ሰው ምቾት ሲባል የሚጣል አይደለም።

አሁን መጀመሪያ ላይ እናስረዳለን ወዳልነው ነገር እንመለስ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጠ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ መሣሪያውን የሚመርጠው ተፈታኙ አይደለም፤ የተዘጋጀለትን ይቀበላል እንጂ። በታችፓድ ብቻ የለመደ ማውስ ያገኝ ይሆናል፤ በስልክ ብቻ የለመደም መስተዋቱን ቢነካው አይሰማው ይሆናል። ሰዓቱ ግን ማንንም አይጠብቅም። ከገጠር መጥቶ ኮምፒዩተርን በሳምንት አንድ ጊዜ፥ ያውም ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ የሚነካ ተማሪ፥ መልሱን ልቡ እያወቀው እጁ ባለማወቁ ቢወድቅ የማን ጥፋት ይባላል?

ስለዚህ የክርክራችን መደምደሚያ የሚከተለው ነው። ሰው የሚመቸውን ይምረጥ፤ የማይመቸውንም ይልመድ። ለመምረጥ ሁሉን መሞከር ያስፈልጋል፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው መረጠ አይባልም፤ የደረሰውን ያዘ እንጂ።

ይህን ለመፈጸም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ተማሪ አንዱን ሳምንት በማውስ፥ ሌላውን ሳምንት በታችፓድ ይሥራ። በ«ኤፍ»ና በ«ጄ» ቁልፎች ላይ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች ጠቋሚ ጣቶቹ ይወቋቸው፤ የተሠሩት ዓይን ሳያይ እጅ ቦታውን እንዲያገኝ ነውና። በየቀኑም 10 መስመር አማርኛ በአማርኛ ፊደል ይምታ። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ መጀመሪያ ፊደል በፊደል የሚፈልግ ጣት ከጥቂት ወራት በኋላ ሳይጠይቅ ይሄዳል። ላፕቶፕ በቤታቸው ያላቸው ተማሪዎችም ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከገጠር የመጡትን ጓደኞቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ያለማምዱ። በአንድ ኮምፒዩተር ፊት 5 ተማሪ ሲቀመጥ ማውሱን ሁልጊዜ የሚይዘው ያው አንዱ ደፋር እንዳይሆን፥ እጅ እየተለዋወጠ ይዳረስ። ይልቁንም እኅቶቻችን ተመልካች ሆነው እንዳይቀሩ ተራቸው ይጠበቅ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ብታዩ ሁልጊዜ ጨዋታ አይምሰላችሁ። አባቶቻችን ወይፈን ሲያቀኑ በመጀመሪያው ቀን ቀጥ ያለ ትልም አይጠብቁም፤ በትዕግሥት ያለማምዱታል እንጂ። የእኛም ጣቶች በመቅናት ላይ ናቸውና ይኸው ትዕግሥት አይለየን።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን የሚማርበትና የሚያስተምርበት ቤት ይሁንልን።