ለቮልስ አዲስ ካርቡራቶር

እሱ፦ የአሮጌ ቮልስ ባለቤቶች «ካርቡራቶሩ ካረጀ አዲስ መግጠም ነው» ይላሉ። እውነት ቀላል ነው?

እሷ፦ መግጠሙማ ሁለት ዳዶ ማጥበቅ ነው፤ ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከውጭ የሚመጣው በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛል።

እሱ፦ በምን ይታወቃል?

እሷ፦ ካንዴላውን ፈተህ እየው። ጥቁር ጥቀርሻ ከለበሰ፣ ነዳጅ የምትመጥነውን ቀዳዳ በጠበበች አስቀይር።

እሱ፦ በፋብሪካው ምትክ የሚገጠመው የሚያብረቀርቅ አየር ማጣሪያስ? ያምራል እኮ!

እሷ፦ ማማሩን ያምራል! የፋብሪካው ማጣሪያ ግን አቧራውን በዘይት ያስቀረዋል፤ ለፒስታ መንገድ እሱን አልለውጥም።

እሱ፦ ከካርቡራቶሩ ሥር ያለችው ጋስኬትስ?

እሷ፦ አሮጌዋን እንዳትመልሳት! አየር ካሳለፈች መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ይንገጫገጫል፤ ሰው ደግሞ ጥፋቱን በአዲሱ ካርቡራቶር ያላክካል።