ኖራ ያለበት ውሃና የችግኝ አያያዝ



ዛሬ የምንነጋገረው በጣሳና በፕላስቲክ ከረጢት ስለምናፈላው የብርቱካን፣ የሎሚና የቡና ችግኝ ነው። እናቶቻችንና እህቶቻችን ከሩቅ ውሃ ተሸክመው እያመጡ ያጠጣሉ። ችግኙ ግን ሳይጠማ ይገረጣል፤ ይቀጭጫል፤ በመጨረሻም ይደርቃል። «ዓይን አርፎበት ነው» የሚል አለ። «መሬቱ አልተስማማውም» የሚልም አለ። እኛ ግን አስቀድመን ውሃውን እንመርምር እንላለን።

ውሃው ምን አለበት?

ዝናብ ከሰማይ ሲወርድ ኖራ የለበትም። መሬት ውስጥ ሰርጎ በኖራ ድንጋይ መካከል ሲያልፍ ግን ድንጋዩን በጥቂት በጥቂቱ እያሟሟ ይዞት ይሄዳል። በድሬዳዋና በመቀሌ አካባቢ የኖራ ድንጋይ ብዙ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራውም ከዚሁ ድንጋይ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚቀዳ የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውሃ ጠጣር ውሃ ይባላል። ማወቂያው ቀላል ነው። ሳሙና ቶሎ አያረፋበትም። የሚፈላበት ማንቆርቆሪያም ውስጡ ነጭ ቅርፊት ያበጃል።

ችግኙን እንዴት ይጎዳዋል?

እስቲ ማንቆርቆሪያውን እናስብ። ውሃው ተኖ ይሄዳል፤ ኖራው ይቀራል። የጣሳ አፈርም እንደዚሁ ነው። ውሃውን ፀሐይና ችግኙ ይወስዱታል፤ ኖራው አፈሩ ውስጥ ይቀራል። በየቀኑ ሲጨመርበት ይጠራቀማል። የጣሳ አፈር ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይሞላል።

ኖራ ሲበዛ በአፈሩ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ይታሰራል። ብረቱ አለ፤ ሥሩ ግን ሊስበው አይችልም። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ቁልፉ እንደጠፋበት ቤት ማለት ነው። ቅጠል ያለ ብረት አረንጓዴ አይሆንምና ችግኙ ይገረጣል።

ምልክቱን ለይተን እንወቅ። አዲስ የወጣው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ የብረት እጥረት ነው። አስቀድሞ ቢጫ የሆነው የታችኛው አሮጌ ቅጠል ከሆነና ጅማቱም አብሮ ከገረጣ ግን የጎደለው ሌላ ምግብ ነው፤ ፍግ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ችግኝ ሲገረጣ አመድ ይነሰንሳል። አመድ ኮምጣጣ አፈር ላለበት አገር ይጠቅማል። እዚህ ግን በኖራ ላይ ኖራ እንደመጨመር ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጃፓኖች አዛሊያ የሚባለውን የአበባ ዛፍ በትንሽ ሳህን ላይ አሳጥረው ያሳድጋሉ። ይህም ተክል እንደ ቡና ኖራ አይወድም። በእንግሊዝ አገር ውሃቸው ጠጣር የሆነ አትክልተኞች ለዚህ ተክል የዝናብ ውሃ ያጠራቅማሉ።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የዝናብ ውሃ እናጠራቅም። በ20 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድ 200 ሊትር፣ ማለትም አንድ በርሜል ያህል ውሃ ይሆናል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን ይጠብ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በአሸንዳ እንቀበል። የወባ ትንኝ እንዳይራባበት በርሜሉን እንክደን።

ሁለተኛ፣ የዝናብ ውሃ ካለቀ ለቤት የፈላ ውሃ ሲተርፍ ቀዝቅዞ ይዝቀጥ፤ ከላይ ያለውን ጥሩውን ብቻ እናጠጣ። ውሃ ሲፈላ ከኖራው ከፊሉ ይዘቅጣል። ውሃን ዝም ብሎ ማሳደር ወይም በጨርቅ ማጥለል ግን የሟሟውን ኖራ አያወጣም።

ሦስተኛ፣ ጣሳውን ከሥሩ እንብሳ። አልፎ አልፎ ከታች እስኪፈስ ድረስ በዝናብ ውሃ እናጥበው። ከላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ ቅርፊቱን ጠርገን አዲስ አፈር እንተካ። አፈሩ ገና እርጥብ ከሆነ ግን አናጠጣ፤ ውሃ የተኛበት ሥር ይበሰብሳል።

አራተኛ፣ ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ እንስጥ። በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ የበሰበሰ ቅጠልና የቡና ገለባ ጥሩ ነው። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ዩሪያ ያለውም ሰው በደረቅ አፈር ላይ አያድርግ፤ ሲበዛ ችግኙን ይገድለዋልና መጠኑን የእርሻ ባለሙያ ይጠይቅ።

እንግዲህ በቃል ብቻ አትመኑን። እኩል ያደጉ 2 ችግኞች ለዩ። አንዱን በጉድጓድ ውሃ፣ አንዱን በዝናብ ውሃ አጠጡ። ቀኑንና የቅጠሉን መልክ በየሳምንቱ በደብተራችሁ ጻፉ። ሦስት ወር ያህል ቆይታችሁ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው፤ ዓይን ያየውን እጅ ይጽፈዋል፤ የተጻፈውን ደግሞ ጎረቤት ያነበዋል።

ጥያቄዎች

1. ጠጣር ውሃን በምን እናውቃለን?
2. ኖራ ለበዛበት አፈር አመድ የማይጠቅመው ለምንድን ነው?
3. በእናንተ ቤት የዝናብ ውሃ በምን ሊጠራቀም ይችላል? ተወያዩበት።