የተረሳ ማተሚያ፣ ያልተሻረ ትእዛዝ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




አንድ ማተሚያ ከአገልግሎት ሲሰናበት ከንብረት መዝገብ ይሰረዛል፤ ከቢሮም ወጥቶ ወደ መጋዘን ይገባል። ይሁን እንጂ ስለ እርሱ የተሰጡት ትእዛዞች በየኮምፒዩተሩ ውስጥ እንደተጻፉ ይቀራሉ። የዚህ ንግግር ዓላማ እነዚህ የተረሱ ትእዛዞች በኔትዎርክ ላይ የሚያስከትሉትን ግራ መጋባት፣ የምርመራውን ሥርዓትና መፍትሔውን ማስረዳት ነው።

ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው በፋየርዎል መዝገብ ላይ ነው። የውስጥ አድራሻዎቹ ሁሉ በ10 የሚጀምሩ አንድ መሥሪያ ቤት አለ እንበል። ጥቂት ኮምፒዩተሮች ግን 192.168.1.50 ወደተባለ፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ወደሌለ አድራሻ፣ በዩ.ዲ.ፒ. የፖርት ቁጥር 161 ቀንም ሌሊትም መልእክት ሲልኩ ይታያል። መልስ የሚሰጥ የለም፤ መልእክቱ ግን አይቋረጥም። ይህን ያየ ባለሙያ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ቫይረስን ወይም ኔትዎርኩን የሚሰልል ሰውን ነው። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚሁ ፖርት መሣሪያዎችን እየጠየቁ መረጃ መሰብሰብ የታወቀ የአጥቂዎች ዘዴ ነውና። ጉዳት የሚመጣው ጥርጣሬው ሳይጣራ ፍርድ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ በኮምፒዩተሩ የሚሠራው ሰው ባላደረገው ነገር ይጠየቃል።

የፖርት ቁጥር 161 የተመደበው ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. ለተባለው የኔትዎርክ መሣሪያዎች መቆጣጠሪያ ደንብ ነው። ደንቡ በመጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ለማተሚያዎች ብቻ የሚያገለግል የመረጃ ዝርዝር ተጨመረለት። በዚህም ኮምፒዩተር ማተሚያውን «ወረቀት አለህን? ቀለም አልቆብሃልን? ክዳንህ ተከፍቷልን?» ብሎ ለመጠየቅ ቻለ። ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ የሚገኘው መደበኛው የቲ.ሲ.ፒ./አይ.ፒ. ማተሚያ ፖርትም በዚሁ መንገድ ይጠቀማል። በማስተካከያው ገጽ ላይ የማተሚያው አድራሻ፣ «ፓብሊክ» የሚለው የተለመደ መጠሪያ ቃልና ጥያቄውን የሚፈቅደው ምልክት በአንድነት ይገኛሉ። ምልክቱ እስካልተነሣ ድረስ ኮምፒዩተሩ፣ ማተሚያው ኖረም አልኖረም፣ በየጊዜው ይጠይቃል።

የሚታየው ምልክት እንደ አድራሻው ሁኔታ ይለያያል። አድራሻው ከኮምፒዩተሩ ኔትዎርክ ውጭ ከሆነ ጥያቄው ወደ ራውተሩ፣ ከዚያም ወደ ፋየርዎሉ ይደርሳል። አድራሻው በዚያው ኔትዎርክ ውስጥ ሆኖ ባለቤት ከሌለው፣ «ይህ አድራሻ የማን ነው?» የሚል የኤ.አር.ፒ. ጥሪ ለሁሉም ይሰማል፤ መልስ ግን አይገኝም። አድራሻው ለሌላ መሣሪያ ተሰጥቶ እንደሆነ ደግሞ፣ አዲሱ ባለቤት ከማያውቃቸው ኮምፒዩተሮች ጥያቄ እየጐረፈለት በራሱ መዝገብ ላይ አቤቱታ ይጽፋል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ምርመራው በቅደም ተከተል መካሄድ ይገባዋል። በመጀመሪያ የላኪው አድራሻ፣ የተቀባዩ አድራሻ፣ የፖርቱ ቁጥርና በሁለት መልእክቶች መካከል ያለው ጊዜ ይመዘገባሉ። አንድ ተቀባይን ብቻ በእኩል ጊዜ ልዩነት መጠየቅ የማሽን ልማድ ነው፤ የሚሰልል ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አድራሻዎችን ያንኳኳል። ሁለተኛ፣ መልእክቱ ዋየርሻርክን በመሰለ መሣሪያ ተይዞ ይነበባል። በመጀመሪያዎቹ የደንቡ ዕትሞች መልእክቱ ሳይመሰጠር ስለሚላክ፣ የሚጠየቀው ስለ ማተሚያ መሆን አለመሆኑ በግልጽ ይታያል። ሦስተኛ፣ በተጠርጣሪው ኮምፒዩተር ላይ የማተሚያ ወረፋ አገልግሎት ለጥቂት ጊዜ ይቆማል። መልእክቱ ከቆመ፣ አገልግሎቱ ሲቀጥልም ከተመለሰ፣ ምንጩ ታውቋል ማለት ነው። ካልቆመ ግን ከማተሚያው አምራች የመጣ የመከታተያ ፕሮግራም እንዳለ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ይህም ካልተገኘ የመጀመሪያው ጥርጣሬ እንደገና ሊነሣ ይገባዋል።

ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ አድራሻው ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። በ192.168.1 የሚጀምሩ አድራሻዎች በመኖሪያ ቤት ራውተሮች ዘንድ የተለመዱ ናቸው። አንድ ሠራተኛ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተሩን በቤቱ ካለው ማተሚያ ጋር አገናኝቶ በማግስቱ ወደ ቢሮ ሲያመጣው፣ ኮምፒዩተሩ የቤቱን ማተሚያ በቢሮው ኔትዎርክ ውስጥ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ሰው ጥፋተኛ አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማተሚያው ከእንግዲህ የማያስፈልግ ከሆነ ስሙም ፖርቱም ይሰረዛሉ፤ ስሙን ብቻ መሰረዝ ፖርቱን አያስወግደውምና። ማተሚያው ሌላ ቦታ የሚያገለግል ከሆነ የሁኔታ መጠየቂያው ምልክት ይነሣል። ማተሚያዎችን ለሁሉም የሚያድል ሰርቨር ወይም የጋራ መመሪያ ካለም፣ አሮጌው ትእዛዝ ከዚያ ካልተሻረ ተመልሶ ይመጣል። ፖርት 161ን በጅምላ መዝጋት ግን አይመከርም። በመልካም የሚሠራ ማተሚያ እንደተቋረጠ ሆኖ ሊታይና ሌላ የምርመራ ድካም ሊያስከትል ይችላል።

ነገሩ ጥቃቅን ጥያቄዎችን የማስቆም ጉዳይ ብቻ አይደለም። መዝገቡ በከንቱ ጩኸት ሲሞላ የባለሙያው ዓይን ይለምደዋል፤ እውነተኛው ጥቃት ሲመጣም ከጩኸቱ መካከል ሳይታይ ያልፋል። ከዚህም በላይ፣ የአሮጌውን አድራሻ የያዘ ሌላ መሣሪያ የኅትመት መልእክት የሚቀበል ከሆነ፣ አንድ ሠራተኛ ሳያስተውል ወደዚያ የላከው የደመወዝ ዝርዝር ወይም የሕመምተኛ መረጃ ባልታሰበ እጅ ይወድቃል። በተለመደው የፖርት ቁጥር 9100 የሚደረግ ኅትመት ብዙውን ጊዜ አይመሰጠርም።

ስለሆነም መሣሪያን ከአገልግሎት ማሰናበት በማጓጓዝና በርክክብ ሰነድ አያበቃም። ማንኛውም ማተሚያ ሲነሣ አድራሻው፣ ፖርቱና በየኮምፒዩተሩ ያሉት ትእዛዞች አብረው ቢነሡ፣ በርክክቡ ቅጽም ላይ ይህን የሚያረጋግጥ አንድ መስመር ቢጨመር፣ ከብዙ ቀን ምርመራና ከንጹሕ ሰው ላይ ከሚወድቅ ጥርጣሬ ያድናል።